ለአንቺ የተሰቀለው ድስት

ሞያሌ፣ ኅዳር 1988 ዓ.ም.

ለጎረቤቴ፣

አካም፣ ናጋ ነሽ ወይ፣ ሰላም ነሽ? ልጆቹ፣ ባልሽ ከሊፋ፣ ያ ሱቃችሁ ደጃፍ ተጋድሞ ደንበኛ የሚያባርረው ድመት ሳይቀር እንዴት ከረማችሁ? ነገሌ ዝናብ ጣለ? የእኔን ጤና ከጠየቅሽ ተመስገን ነው፤ ናፍቆትሽ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። ጠዋት ስነሳ አሁንም በአጥሩ ላይ ልጣራሽ አፌን ከፍቼ የማላውቀው ሰው ግድግዳ ላይ አፈጣለሁ።

እዚህ ቤቴ ሰው አይጠፋም። ምእመናኑ ደጎች ናቸው፣ አላማቸውም። ግን የሚመጣው ሁሉ በር ላይ ነጠላውን አስተካክሎ ነው የሚገባው፤ እኔም አስተካክዬ ነው የምቀበለው። ስሜን የሚጠራኝ የለም፣ "የመጋቢ ሚስት" ነኝ። አንቺ እኮ በጓሮ በር ገብተሽ ክዳን ገልጠሽ ዛሬም ጎመን ነው ወይ ብለሽ የምታሾፊብኝ ሴት ነሽ። ያን ክረምት ከሐኪም ቤት ባዶ እጄን ስመለስ ሰው ሁሉ ጥቅስ ይዞ መጣ፤ አንቺ ሙቅ ውሃ ይዘሽ መጥተሽ ምንም ሳትናገሪ እግሬን አጠብሽኝ። ያቺን ትንሽ የሕፃን ልብስ ቋጠሮም ዳግመኛ እንዳላያት ስልሽ ከቤቴ አውጥተሽ ሣጥንሽ ውስጥ ከተትሽልኝ። ይህን ለማን ላውራው እዚህ?

አሁን ግን የምነግርሽ ስለ ድስትሽ ነው። ያ ለአንቺ ብቻ ያስቀመጥኩት አረንጓዴው ድስት፣ ከሊፋ ባርኮ ካረደው በቀር ሌላ ሥጋ ነክቶት የማያውቀው፣ ነገሌ የቀረ እንዳይመስልሽ። ዕቃ ስንጭን ባለቤቴ ጎሊቻ አይቶት፣ እሷ አትመጣ ምን ያደርግልሻል፣ ለራሷ ስጫት አለኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁና እዚህ ማድ ቤት ምስማር መትቼ ለብቻው ሰቀልኩት።

ደግ ሥራ አይደል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የእንኳን ደህና መጣችሁ ድግስ ይዘው ከተፍ አሉ። ፍየል አስጎትተው፣ እንጨት ተሸክመው፣ ኢቢሴ የምትባለው አለቃቸው እጅጌዋን ሰብስባ። እኔ ደጅ ሽማግሌዎቹን ስቀበል ድስት አነሳቸው። ተመልሼ ብገባ ድስትሽ እሳት ላይ ተጥዶ፣ የእኛ ሰው ያረደው ፍየል እየተንተከተከበት! ምን ልበል? ባለቤት አለው ብላቸው ማን ናት ሊሉኝ ነው፤ የጣዱትን ሥጋ ባወርድባቸው ደግሞ መንፈሳቸውን መስበር ነው። ቆሜ አለቀስኩልሽ። ኢቢሴ በፍቅራችን ተነካች ብላ መዝሙር አነሳች፣ ከበው ጸለዩልኝ። እሑድ ደግሞ ጎሊቻ ምስባክ ላይ ቆሞ የባለቤቴ እንባ ምስክር ነው አለ። ያኔ ነጠላዬ ውስጥ ገብቼ ሳቅኩ።

ማታ እውነቱን ስነግረው ታዲያ እጠቢው ነው ያለኝ። በውሃማ ማጠብ አያቅተኝም ነበር። አንቺ ሳታውቂ ብትበዪበት ማን ይነግርሻል? እኔ ግን አውቃለሁ። እያወቅኩ በዚያ ድስት ላቀርብልሽ አልችልም።

ስለዚህ ገበያ ወጣሁ። ከኬንያ በኩል የሚገባ ዕቃ የምትሸጥ መሱዳ የምትባል ሴት አለች፣ ቁጥብ፣ ስትስቅ እንኳ አፏን በሻሿ የምትሸፍን። በልኩ አዲስ ድስት ስጪኝ አልኳት። የድሮው ተበሳ ወይ አለችኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከነገሌ ጀምሬ ዘርግፌ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ ያቺ ሴት እንዲህ እንደምታደርጊላት ታውቃለች ወይ አለችኝ። ታውቃለች አልኳት። ቅዳሜ ባሏ ያረደውን ሥጋ በሳህን ይዛ ቤቴ መጣች። አዲስ ድስት ባዶውን አይሰቀልም ብላ ራሷ ጣደችው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው አላስቆም ብሎኝ ደጅ ወጣሁ፤ ለምን እንደወጣሁ አልጠየቀችኝም፣ ወንበር አምጥታ ከኋላዬ አስቀመጠችልኝ።

ድስትሽን ያሟሸችው እንግዲህ እሷ ናት። ከሌላ ሰምተሽ እንዳትኮርፊ ከአፌ ስሚው። ቅር ይልሽ ይሆን? እኔን ቅር ብሎኝ ነበር። የበላሁት ጣመኝ፣ ስለጣመኝም ከፋኝ። መሱዳ አንቺን አትሆንም። አታሾፍም፣ ክዳን አትገልጥም፣ ጎመኔንም ታመሰግናለች። ግን በሰው መሃል ብቻዬን እንደምሆን ገብቷታል፣ እኔም ወድጃታለሁ። ስትመጪ ትወጃታለሽ፤ ባትወጃትም ባሏ ያርድልሻል።

መምጣትሽን ነው የምለምንሽ። ስንለያይ ያን አቧራ መንገድ ሞት ካልጠራኝ አልወርደውም ብለሽኛል፤ ሞት አይደለም የጠራሽ፣ እኔ ነኝ። ይህን ወረቀት የሚሰጥሽ ሹፌር ከፊት ወንበር አስቀምጬ ነው የማመጣት ብሎ ምሎልኛል። ሱቁን ለከሊፋ ተይለትና በመጋቢት ድረሽልኝ። ከመጋቢት አትለፊብኝ። ጎሊቻ ጀሪካኑን ከእጄ እየቀማ ራሱ ውሃ መቅዳት ጀምሯል፣ ሴቶቹም መጋቢ ጀሪካን ተሸከመ ብለው ይሳሳቃሉ። ሐኪም ቤት የሚወስደኝ እሱ ነው፣ ግን አየሽ፣ እሱ መጸለይ እንጂ ዝም ማለት አያውቅም። እኔ በዚያን ቀን አጠገቤ የምፈልገው ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው ነው።

ቤትሽ ናጋ አይጉደልበት። ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ የከሊፋ እጅ ይባረክ፣ መንገዱም ይቅናልሽ። የጓሮ በሩን ከወዲሁ ክፍት መተው ለምጃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ረስቼው አሁን ትዝ ያለኝ አስመስዬ ልጽፈው ነበር፣ አንቺን ግን አላታልልሽም። ስትመጪ ያቺን ቋጠሮ ከሣጥንሽ አውጥተሽ ይዘሽልኝ ነይ። አትፍቻት፣ አትጠቢያትም። ሁለታችን ሆነን እንፈታታለን።

ከአጥሩ ማዶ የነበረችው
ጎረቤትሽ