በስፓኒሽ ያገባኋት ሚስት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን

ስልክ ለማታነሺልኝ፣ እኔ ግን ሳላስብሽ ለማልውል ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን ዕድሜውን ሙሉ ሶፋ ላይ ሳይሆን ሶፋ ሥር ያሳለፈ ስለሆነ አይፈረድበትም። የአማትሽ ጉልበት ተሻለው? አማቼስ ያንን እግሩ የላላ ወንበር ጠገነው ወይስ እስካሁን በካርቶን ደግፋችሁ ነው የምትቀመጡበት? ይኼ ሶፋ ሠሪ አማት ላለው ሰው ትልቅ ውርደት መሆኑን ንገሪልኝ። የልጅ ልጄን ሚጢጢዬን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ሴት የአውሮፕላን አስተናጋጅ ናት። ሶፋዋን አድሼላት በጣም ስለወደደችው "ልጅዎ ያለችበት ከተማ ስለምበር የሚላክ ነገር አደርስልዎታለሁ" አለችኝ። ሁለት ትራስ ሰፍቼ ልኬልሻለሁ። ደብዳቤውን ሳታነቢ ትራሱን እንዳትወረውሪው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አባትሽ ሚስት አላገባም። መስመሩን ለብቻው ደመቅ አድርጌ የጻፍኩት ዓይንሽ መጀመሪያ እሱ ላይ እንዲያርፍ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከእናንተው ገበታ ነው። እሑድ እሑድ ማታ ስልኩን የውኃው ጆግ ላይ ደግፈሽ፣ እኔም እዚህ ሳህኔን ይዤ፣ አብረን እራት የምንበላው ነገር ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ሰዓት ነበር። ችግሩ ስፓኒሻችሁ ነው። ሚጢጢ "ኦላ" ብላ ሰላም ትለኛለች፣ እኔም "ኦላ" እላታለሁ፣ በቃ ጨዋታችን አለቀ። ከዚያ እናንተ እርስ በርሳችሁ ታወራላችሁ፣ እኔ ደግሞ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶ ዝም ብዬ አያችኋለሁ። ስትስቁ እስቃለሁ። አንድ ቀንማ ሚጢጢ ስትስቅ አይቼ ከት ብዬ ብስቅ፣ ለካ አማትሽ የጎረቤቷን ቀብር ነበር የምታወራው። አንቺ አይተሽ ወሬውን ቀየርሽልኝ። እኔ ግን ያን ማታ አንጀት የሚያሳርር እፍረት ነው ያፈርኩት።

በማግስቱ ለመጋረጃ ሰፊዋ ነገርኳት። ታስታውሻታለሽ፣ ከሱቄ ጎን ያለችው፣ ባሏ የሞተባት፣ የሠርግ ቀሚስሽን ወገቡን ያጠበበችልሽ። እኔማ እንድታዝንልኝ ነበር የነገርኳት። እሷ ግን ማዘን የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

"ታዲያ ተማራ፣ ጋሼ!" አለችኝ። "ሶፋ ገልብጠህ ሆዱን የምትዘረግፍ ሰው አንድ ቋንቋ ያቅተዋል?"

ስልኬን ከእጄ ነጥቃ የስፓኒሽ ትምህርት ጫነችልኝ። ምዕራፍ አንድ ሰላምታ ነው፣ ሁለት አውቶቡስ፣ ሦስት ገበያ። ሁሉንም ዘለልኩት። እናንተን አውቶቡስ ውስጥ አላገኛችሁም፤ የማገኛችሁ ገበታ ላይ ነው። ስለዚህ በቀጥታ "እራት" የሚለው ምዕራፍ ውስጥ ዘው አልኩ።

አባትሽ ደግሞ የሚያውቀው የትምህርት ዓይነት አንድ ነው፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው መሸምደድ። መሐል ላይ ካቋረጡኝ እንደገና ከሀ ነው የምጀምረው። ምዕራፉ ውስጥ አንድ ቤተሰብ አለ፣ አባትየው ስለ እራታቸው ያወራል፣ እኔ አባትየውን ሸመደድኩ። ሥራ ላይ ትንንሽ ምስማሮች በከንፈሬ ይዤ እንደምሠራ ታውቂያለሽ። እራቱን "ላ ሴና" ስል አንዱ ይወድቃል፣ ሾርባውን "ላ ሶፓ" ስል ሌላው ይከተላል። አንድ ደንበኛ ገብቶ ትንሽ ሲያዳምጠኝ ቆየና "ጋሼ፣ ጥርስዎን አሞዎታል እንዴ?" አለኝ።

ማታ ሱቃችንን ከዘጋን በኋላ መጋረጃ ሰፊዋ ታስጠናኝ ጀመር። ስፓኒሽ አንድ ቃል አታውቅም። ነገር ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትምህርቱን እየሰማች፣ እኔ ከሱ ዝንፍ ያልኩ እንደሆነ ጠረጴዛውን በቀለበት ጣቷ ቷ ታደርገዋለች። የማታውቀውን ቋንቋ እንዲህ አድርጎ የሚያርም ሰው አይቼ አላውቅም። ደግሞ የራሷ ሕግ አላት፤ "አፍህ ያልቀመሰውን ጭንቅላትህ አይዝም" ትላለች። ስለዚህ ሾርባ ስንማር ሾርባ ሠራች፣ ሩዝ ስንማር ሩዝ። "ፔስካዶ" የሚለው ቃል አልገባ ስላለኝ ሳምንቱን ሙሉ ዓሣ በላን። የሰፈሩ ድመቶች እስካሁን ድረስ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይከተሉኛል።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ሚጢጢ እንደ ልማዷ "ኦላ" ብላኝ ወደ ሳህኗ ልትመለስ ስትል፣ የሆነ ነገር አሰበችና ስፓኒሿን ለቀቀችብኝ። "አያቴ፣ እራት ምንድን ነው?" ነበር ያለችው። ልጄ፣ ይኼ ጥያቄ የምዕራፉ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው! ልቤ ዘለለች። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘኝ? ከሶፋ እንደሚፈናጠር ስፕሪንግ ምዕራፉን ሙሉውን ለቀቅኩት። ባለቤቴ ሾርባ ሠርታለች አልኩ። ልጃችን ዳቦ ያመጣል አልኩ። ገበታው ቀርቧል፣ ኑ፣ አብረን እንብላ አልኩ። አንዲት ቃል አልቀረችም።

እንደጨረስኩ አማትሽ ሹካዋን አስቀመጠች። አማቼ ውኃ ትን አለው። ሚጢጢ ግን አጨበጨበች! ከዚያ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ትጠይቁኝ ጀመር። ካጠናሁት ውጭ የማውቀው ቃል "ሲ"፣ ማለትም "አዎ"፣ ብቻ ስለነበር፣ ለሁሉም "ሲ" እያልኩ መለስኩ። ኋላ ሲነገረኝ ለካ አማትሽ "ደግ ሴት ናት?" ብላኛለች፣ ሲ። አማቼ "እዚያው ቤት ነው የምትኖረው?" ብሎኛል፣ ሲ። ሚጢጢ "ወንድ ልጅም አለህ?" ብላኛለች፣ ሲ። ይህን ሁሉ ቆይቶ የነገረኝ አማቼ ራሱ ነው፤ በስልኩ ትርጉም እያስተረጎመ ጽፎልኝ።

በዚህ መሐል መጋረጃ ሰፊዋ ከስልኩ ጀርባ ቆማ ታዳምጠኝ ነበር። ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት "ጎበዝ! አንዲት አልሳትክም!" ብላ ጮኸች። ድምፅዋን ሰማሽው። "አባዬ፣ ማን ናት?" ብለሽ በራሳችን ቋንቋ ጠየቅሽኝ። ስፓኒሹ ገና ከአፌ አልወጣም ነበርና ለአንቺም "ሲ" አልኩሽ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስልኩ ተዘጋ፤ ከአንቺ ዘንድ የመጣው መልእክት "እንኳን ደስ ያለህ" የሚል ብቻ ነበር። ይኼው ሁለት እሑድ ሆነ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩን እያየሁ ምግቤን አቀዘቅዛለሁ። አንቺ ስትቆጪ እንደ እናትሽ ነሽ፤ ጩኸት የለ፣ ስድብ የለ፣ ዝም ብሎ ሰውን በዝምታ መጥበስ ነው።

ስለዚህ የሆነው ይኼ ነው። ሚስቲቱም ዳቦ አምጪው ልጅም የምዕራፉ ናቸው። እዚህ ላይ ደብዳቤውን ልዘጋው ነበር። በእርግጥም ትናንት "አባትሽ" ብዬ ፈርሜበት፣ አጥፌው፣ ኪሴ ውስጥ ከትቼው ነበር። ዛሬ መልሼ ዘረጋሁትና ፊርማዬን ሰረዝኩት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፣ እንግዲህ ስሚኝ።

የሆነውን ነገር ለመጋረጃ ሰፊዋ ስነግራት መጀመሪያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ሳልለብስ ሳልኳኳል በሰው አገር ዳርከኝ?" አለችኝ። ቀጥሎ ያንቺን መልእክት ሳሳያት ሳቋ ቆመ።

"ልጅቷ ከፍቷታል" አለች።

"ያልፍላታል" አልኳት።

"የለም። እናቷን ያጣች ልጅ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሰማም። እኔ የሰው ልጅ የሚያስከፋ ሾርባ አልሠራም ጋሼ። መጀመሪያ ከልጅህ ታረቅ።"

ድስቷን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በር ስንከፍት "እንደምን አደርክ" እና "እንደምን አደርሽ" ብቻ ነው። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል የስፌት መኪናዋን እሰማለሁ፣ ከዚያ መዝጊያዋ ሲዘጋ እሰማለሁ፣ ከዚያ ቤቴ እገባለሁ።

እናትሽ ካረፈች በኋላ እራቴ ምን እንደነበር ልንገርሽ። ዳቦና ሻይ፣ እሱንም ቆሜ፣ ሳህን ላለማቆሸሽ መታጠቢያው ላይ አጎንብሼ። ይህን ኑሮ ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር። መጋረጃ ሰፊዋ አንድ ቀን እንዲያ ሆኜ አየችኝና "ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ሲባል አልሰማህም?" ብላ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ስፓኒሹ ሰበብ ሆነልን እንጂ ምዕራፉ ካለቀ ቆይቷል። ከሸመደድኩት በኋላም "አንዴ ልከልሰው" እያልኩ፣ ሆን ብዬ እየሳትኩ አስጠኚኝ እላት ነበር፤ እሷም መሳቴን እያወቀች ጠረጴዛውን ቷ ታደርግ ነበር።

እናትሽን ረሳት እንዳትይኝ። እናትሽን ማን ይረሳል? መጋረጃ ሰፊዋ ራሷ አትረሳትም፤ አንድን መጋረጃ ሦስት ጊዜ እንዳስፈታቻት፣ በመጨረሻም "የመጀመሪያው ይሻል ነበር" እንዳለቻት ነግራኝ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ይኼ ቤት ስለ እናትሽ ሲወራ ሳቅ የሰማው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ስሟ ሲነሳ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ እያደረገብኝ፣ እኔም አብሬ ዝቅ እያደረግኩ፣ ያቺ ተጫዋች ሴት የለቅሶ ወሬ ብቻ ሆና ቀርታ ነበር። ይህን ነገር ለአንቺ በስልክ እንዴት እንደምናገረው አላወቅኩበትም።

ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ ልጨርሰው። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት "ሚስት የለችም፣ ማንም የለም" ልልሽ ነው። እውነቴን ነው፣ ዛሬ ማንም የለም። ሁለት ሳምንት ይህን እውነት ሳስበው ግን ደስ አላለኝም። ውሸቱ ይሻለኝ ነበር።

ለእሷ እስካሁን ምንም አላልኳትም። ብጠይቃት ምን እንደምትለኝም አላውቅም፤ "በዚህ ወገብህ?" ብላ ልትስቅብኝ ትችላለች። ግን ከእሷ በፊት አንቺን መጠየቅ ፈለግኩ። አባት ልጁን ሲድር እንጂ ልጅ አባቷን ስትድር አይተሽ አታውቂም፣ አውቃለሁ። አልችልም ካልሽኝ አልቀየምሽም። እሑዳችን እንዲመለስ ብቻ አድርጊልኝ፤ ሚጢጢን ሳላይ ማደሩን አልቻልኩበትም።

በይ እንግዲህ፣ እጅሽ አይዛል፣ ገበታሽ አይጉደል፣ የገባሽበት ቤት እንደ እናትሽ ቤት ይሙቅልሽ። ልጅሽ አንቺ ለእኔ እንደምታስቢው ታስብልሽ፤ ቁጣሽን ግን አትውረስ።

ለሚጢጢ ከታች ያለውን አንብቢላት። አያትሽ ከምዕራፉ አልወሰደውም፣ ከወዲያም ከወዲህም ቃል ፈቶ ራሱ ነው የገጣጠመው በያት። የምታርመኝ ስለሌለች ስሕተት አይጠፋውም።

ኪዬሮ ሴናር ኮን ኤያ።

ከእሷ ጋር እራት መብላት እፈልጋለሁ ማለቴ ነው። እሷን ለመጠየቅ የቀረኝ ያንቺ አንድ ቃል ነው፣ የኔ እመቤት፤ በፈለግሽው ቋንቋ ላኪልኝ።

አባትሽ