በፊልሙ መክፈቻ ላይ ስለቀረችው አንዲት የብረት ድምፅ

ለፀደይ የሕዝብ ሲኒማ አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ
ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ አቧራ በበዛበት ወር እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁልኝ? ከሁሉም በላይ ጉሮሮዎ እንደምን አለልኝ? የእርስዎ ጉሮሮ ለእኛ ለተመልካቾች ከፊልሙ ተለይቶ የማይታይ ሆኗልና፣ ሰው ስለ ዘመዱ ጤና እንደሚጠይቅ እኔም ስለ ጉሮሮዎ ሳልጠይቅ ውዬ አላውቅም።

እኔ በአማን ገበያ ኮረሪማና ጥምዝ የምሸጥ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው ላይ የቆምኩ፣ ፊልም ከልቤ የምወድ ሴት ነኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ከፊት ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ያልተቀመጥኩበት ጊዜ ቢኖር ልጆቼን የወለድኩባቸው ሳምንታት ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ቢሆን ባለቤቴ ከልክሎኝ ነው። ፊልም ሊጀምር መብራት ሲጠፋ፣ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ አሁንም እንደ ሕፃን እጄን አጨበጭባለሁ። ስለዚህ የምጽፍልዎ በጥላቻ እንዳይመስልዎ፤ ምስጋና ስላለብኝ ነው። ምስጋናዬንም በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ድምፅ ለፊልም መክፈቻ እንደማያስፈልግ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት እኛ ሞኞቹ ወደ ፊልሙ የምንገባው በጆሯችን ነበር። ከበሮ ከቀደመ ሠርግ አለ፤ ዋሽንት ለብቻው ከጀመረ አንድ ሰው ወጥቶ ይቀራል፤ ዘፈን ጭራሽ ሳይኖር ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ብቻ ከተሰማ ነገሩ የእኛው ቤት ነውና ልብሽን ያዢ ማለት ነው። የሕንድ ፊልም ሲሆንማ የመክፈቻው ዘፈን እስከ መናኸሪያው ድረስ ይሰማ ስለነበር፣ ከገበያ የዘገየን ሴቶች በዘፈኑ እየለካን እንሮጥ ነበር፤ ክራሩ ከገባ አልረፈደም፣ ሴትዮዋ መዝፈን ከጀመረች ግን በቃ ረፍዷል። (ክራር አይደለም ይሉኛል፤ እኔ ክራር ነው የምለው።)

እርስዎ ግን ሥራዎን በጀመሩ በሳምንቱ፣ ታሪኩ እስኪጀምር ያለው ጊዜ ባዶ ነው፣ ባዶ ጊዜ ደግሞ ለሕዝብ አገልግሎት መዋል አለበት ብለው፣ የፊልሙን ድምፅ ዘግተው በማይክራፎን ማስታወቂያ ያነቡልን ጀመር። የዚህን ጥቅም ጎረቤቴ ማናልሞሽ ትመስክር። ባለፈው ዓመት ያመጡት ፊልም በቀብር ይጀምራል፤ ሰው ሬሳ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። እርስዎ ስለ ቦይ ጠረጋ ያነባሉ። ማናልሞሽ የሰው ሐዘን የማትችል ሴት ናትና ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ እኛም የጎረቤት ነገር ሆኖብን አብረን አለቀስን። ለካስ ፊልሙ ኮሜዲ ኖሯል። ለካስ የሞተው ሰው ሁሉም የጠላው ስስታም አጎት ኖሮ፣ ከሬሳው ጋር አብሮ የሚሄደው ሙዚቃ የሠርግ ጭፈራ ነበር። ይህንን ያወቅነው ግማሽ ሰዓት ካለቀስን በኋላ ሲሆን፣ ማናልሞሽ እስከ ዛሬ ድረስ «እንባዬን ማን ይመልስልኝ» እያለች ታኩርፋለች። እኔም እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ነው እያልኩ አጽናናታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥበብዎ አመሰግናለሁ። በየሳምንቱ ቆሞ ማንበብ ጉሮሮ እንደሚጎዳ ተረድተው፣ ማይክራፎኑን ከማጫወቻው ጋር አገናኝተው፣ በአንድ ፊልም ካሴት በራሱ መጀመሪያ ላይ ድምፅዎን ቀድተው አስቀመጡልን። ሥዕሉ እንዳለ አለ፤ ድምፁ ብቻ ጠፍቶ በእርስዎ ተተካ። የተቀዳውም «ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የውሻ ክትባት ስለሚሰጥ» የሚለው ነው። ካሴት ቀን አያውቅምና እነሆ አንድ ዓመት ሙሉ የሚከተበው ነገ ነው። ባለሱቁ ሰይፈዲን፣ እውነተኛ ሰው ስለሆነ፣ ፊልሙ በታየ ማግስት፣ አራት ሰኞ ውሻውን እየጎተተ ሄዷል፤ በአምስተኛው ውሻው ራሱ መንገዱን ለምዶ ብቻውን ሄዶ ተመልሷል ይባላል።

እዚህ ላይ ሳቄን ልግታና ወደ ዋናው ልግባ፤ ሳወራ መንገድ እንደሚጠፋብኝ ቤተሰቤ ሁሉ ያውቃል።

ድምፅዎን የቀዱበት ያ ካሴት፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኝ የቡና እርሻ የተሠራው ፊልም ነው። የአገራችን ነው ተብሎ በየወሩ እንዲታይ የታዘዘው እሱ ስለሆነ እሱን መረጡ። ታናሽ ወንድሜ ታምሩ በዚያ እርሻ ለቃሚዎችን ለሥራ የሚቀሰቅስ ሰው ነበር። በዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የአሮጌ መኪና ቸርኬ አለ፤ ንጋት ላይ እሱን በብረት ይመታል። ሌሎች ቀስቃሾች ዝም ብለው ይቀጠቅጡታል። ታምሩ ግን ሦስት ጊዜ በዝግታ ይመታል፣ ትንፋሽ የመሰብሰብ ያህል ዝም ይላል፣ «ነጋ! የነጋለት ሁሉ ይውጣ!» ብሎ ይጣራል፣ አራት ጊዜ በፍጥነት ይመታል፤ ከዚያ ሁሉም ያበቃ ሲመስለው አንዲት ብቻዋን ይጨምራል። ያቺ የመጨረሻዋ ለምን እንደሆነች ብጠይቀው፣ ወባ ይዟቸው መነሳት ላልቻሉት ናት አለኝ፤ እንዳልረሳናቸው ይወቁ ብዬ ነው አለኝ።

ፊልም ሠሪዎቹ በ1992 ዓ.ም. ሲመጡ ይህን ሰምተው፣ ወንድሜን ሳያሳዩ ድምፁን ብቻ ወሰዱ። መክፈቻው እንዲህ ነበር፤ ጨለማ፣ ምንም አይታይም፤ ብረቱ ብቻ ይሰማል። በእያንዳንዷ ምት ጨለማው ትንሽ ትንሽ ይነሳል፤ መጀመሪያ ጉም፣ ቀጥሎ ዛፍ፣ ቀጥሎ የሚሄዱ እግሮች ይታያሉ። በመጨረሻዋ ምት ላይ የሰዎቹ ፊት ይወጣል። አንዲት ክራር፣ አንዲት ዋሽንት የለም። ብዙ ፊልም አይቻለሁ፤ በሰባት ምትና በአንድ ጥሪ፣ ከዚያም በአንዲት ቅሪት፣ አገር ሙሉ ሲነቃ ያየሁት ግን እዚያ ብቻ ነው።

ታምሩ ፊልሙ ሳይደርስ በወባ ሞተ። በሞተባት ሳምንት ብረቱን የመታው ሌላ ሰው ነበር፤ የመጨረሻዋን አልመታትም። ፎቶግራፍ አልነበረውም፤ ለሥራ መታወቂያ የተነሳው አንድ ነበር፣ እሱም አብሮት ተቀበረ። ድምፁ የቀረው በእርስዎ ካሴት መጀመሪያ ላይ ብቻ ነበር። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት አንድ ጊዜ ሰማሁት። ለሁለተኛ ጊዜ እናቴን ደግፌ ይዤ ስመጣ፣ በጨለማው ውስጥ እርስዎ ስለ ውሻ ይነግሩን ጀመር።

ሦስተኛ፣ ስለዚሁ ድምፅ ላቀረብኩት ማመልከቻ በጽሑፍ መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሌላው መሥሪያ ቤት በቃል ብቻ ነው የሚመልሰው። መልስዎ «በካሴቱ ላይ ነበረ የተባለው ድምፅ የግለሰቡ ስለመሆኑ፣ የድምፁ ባለቤት በአካል ቀርቦ ያረጋግጥ» ይላል። ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ፤ መቃብሩ ድረስ ሄጄ ደብዳቤውን አንብቤለታለሁ። እስካሁን አልቀረበም። የተቆጡ እንደሆነ ስለ እሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በሁለተኛው ማመልከቻዬ የቀረውን እንኳ በሌላ ካሴት ልገልብጥ ብዬ ብለምን፣ የፊልም ሠሪዎችን የፈጠራ መብት ስለምናከብር መገልበጥ ክልክል ነው አሉኝ። ይህን ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ ገበያ መሐል ብቻዬን ሳቅሁ። ለፊልም ሠሪዎቹም አዲስ አበባ ድረስ ጽፌ ነበር፤ ድርጅቱ ፈርሷል፣ ዋናው ቅጂ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም የሚል መልስ መጣልኝ።

አራተኛ ልበል ወይስ አምስተኛ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ ብቻ ይህኛው ምስጋና የእውነት ነው፤ ከአራቱ ወይም ከአምስቱ የእውነቱ ይህ ብቻ ነው። የእርስዎ ማስታወቂያ ትንሽ አጥሯል። «ለትብብርዎ እናመሰግናለን» ብለው ሲጨርሱ፣ ሦስቱም ዝግተኛ ምቶች፣ ጥሪውም፣ አራቱም ፈጣኖች አልፈዋል። የመጨረሻዋ ግን አላለፈችም። እርስዎ ትንፋሽ ሲስቡ እሷ ትሰማለች። አንዲት ብቻዋን።

እናቴ በየነች ዓይኗ ደክሟል፤ እግሯም እንደዚያው። ፊልሙ በሚታይበት እሑድ ግን በማለዳ ተነስታ ለብሳ ትጠብቀኛለች። አግዳሚው ላይ አስቀምጣታለሁ፤ እርስዎ ማንበብ ሲጀምሩ፣ «ይሄ ሰውዬ ሲጨርስ ቀስቅሽኝ» ብላ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቀስቅሼያት አላውቅም። ብረቷ ስትመታ ራሷ ቀና ትልና፣ ለኔ ሳይሆን ወደ ፊት፣ ፊልሙ ወደሚታይበት ጨርቅ፣ «ሰምቻለሁ ልጄ» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፊልም አይታው አታውቅም። ለእሷ ፊልሙ እዚያ ላይ አልቋል፤ ይዣት ወደ ቤት እመለሳለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የጠፋው እንዲመለስ አልጠይቅም፤ እንደማይመለስ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይጨቃጨቅም። ማስታወቂያው እንዲቀርም አልጠይቅም፤ ውሾቹም ተስፋ ያስፈልጋቸዋል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ በሕይወት እስካለች ድረስ ማስታወቂያው በአንዲት ቃል እንኳ እንዳይረዝም።

እርስዎ ሲናገሩ ዝም ማለትን የተማርኩ፣ በሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ የማልጠፋ፣ ጉሮሮዎን ዘወትር በጸሎቴ የማስብ ትሑት ተመልካችዎ፣
የሺሃረግ ኃይለሚካኤል
ከአማን ገበያ፣ የኮረሪማ ተራ

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፤ ይህን ደብዳቤ ለመዝገብ ቤትዎ ሳስረክብ፣ ጸሐፊዎ ሜሮን ከጠረጴዛዎ ለመድረስ አሥራ አምስት ቀን እንደሚፈጅበት በትሕትና ነገረችኝ። ደግሞም የምሥራች አለኝ ብላ፣ ሁለተኛው ማመልከቻዬ ልብዎን ስለነካው ለቤተሰባችን ይቅርታ ለመጠየቅ መወሰንዎን፣ ይቅርታውንም የፊታችን ሐሙስ በዚያው ካሴት፣ በዚያው ቦታ ላይ እንደሚቀዱት ነገረችኝ። ጽሑፉንም አሳየችኝ፤ በእውነት ያማረ ነው፤ የወንድሜ ስም ሁለት ጊዜ፣ የእርስዎ ስም አምስት ጊዜ ተጠቅሷል። አንድ ገጽ ተኩል ነው። እዚያው ቆሜ፣ ሰዓት እያየሁ፣ እንደ እርስዎ ረጋ ብዬ አነበብኩት፤ ከመጨረሻዋ ምት በጣም ያልፋል። ለዚህ ነው የደብዳቤዬን ቅጂ በአዳራሽዎ በር ላይ የለጠፍኩት፤ የተለጠፈ ነገር የማንበብ ልማድ እንደሌለዎ ግን አውቃለሁ፤ አጠገቡ ያለው የክትባት ወረቀት ምስክሬ ነው። ቢሆንም ድንገት ካዩት፦ ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፤ እናቴም ተቀብላለች፤ ታምሩም ቢኖር ይቀበል ነበር። እባክዎ ብቻ አይናገሩት።