‹እኛ› የነበረው መግቢያ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ስሜ የለም። የመጽሐፉን ሽፋን ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት፤ የጋሼ አያሌው ስም ብቻ ነው። ውስጡ፣ ምስጋናው ላይ፣ መጨረሻው መስመር ላይ አገኘሁት፤ «በትየባ ለተባበረችኝ»። አራት ዓመት የለፋሁበት የተውኔት ትርጉም ትየባ ሆነ።

ጋሼ እዚሁ ላሊበላ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ዛሬ በሳቸው ቦታ የማስተምረው እኔ ነኝ። እንደ አባት ነበር የማያቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ላለማንበብ ምዬ ነበር፤ አነበብኩት።

ተውኔቱን ዓርብ ለተማሪዎቼ እንዴት እንደማስረዳ እዚህ ልሞክረው። ተውኔቱ እንግሊዝ አገር ከተጻፈ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። በጊዜው ሁለት ጊዜ ታተመ፤ ሁለቱ አይመሳሰሉም። በፊተኛው የመስፍኑ እህት ወንድሟን ፊት ለፊት ትወቅሰዋለች። በኋለኛው መድረክ ላይ ትገባለች፣ ቃል ሳይወጣት ትዕይንቱ ያልቃል። ንግግሯን የሰረዘው እጅ «ትገባለች» የሚለውን መሰረዝ ረስቷል። ጽሑፉ ኋላ እንደተከለሰ የሚያሳብቀው ይሄ ነው።

ይሄን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው። ለጋሼ ስነግራቸው ዓይን አለሽ ብለው መረቁኝ። መጽሐፉ ላይ «ያስተዋልኩት» ይላሉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ከክፍል መልስ ረቂቄን ከመጽሐፉ ጎን ዘረጋሁት። መግቢያውን አብረን ነበር የጻፍነው። ‹እኛ› ያልነው ሁሉ ‹እኔ› ሆኗል። ተጠራጠርን የነበረው ተጠራጠርኩ። ደረስንበት የነበረው ደረስኩበት። ገጽ ዘጠኝ ላይ ግን «ሁለቱን ኅትመቶች ስናነጻጽር» ይላል። አልታያቸውም።

ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ገጽ ዘጠኝን ከፍቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩበት። አሳታሚው አንድ ስም ይበቃል አለኝ አሉ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትሠሪያለሽ አሉ።

«‹እኛ›ን ‹እኔ› ያደረገውም አሳታሚው ነው፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ» አሉ። «አንድ በአንድ።»

ያቃጠለኝ እሱ ነው። እያንዳንዷ ‹እኛ› ላይ ሲደርሱ ትዝ ብያቸዋለሁ ማለት ነው። ረስተውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ደህና ዋሉ ሳልላቸው ወጣሁ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

አስተማርኩ። ድምፄ አልከዳኝም። አንዷ ተማሪ የእህትየውን ንግግር ለምን ሰረዙት አለችኝ። አላውቅም አልኳት፤ ወረቀቱ መሰረዙን እንጂ የሰራዡን ልብ አያሳይም።

በእረፍት ሰዓት ጋሼ ደወሉ። አላነሳሁም። መልእክት ላኩ፤ በሚቀጥለው ኅትመት ስምሽ ከስሜ እኩል ይግባ ብዬ ለአሳታሚው ልጽፍ ነው፣ ደብዳቤውን መጀመሪያ አንቺ አስተካክይልኝ ይላል።

ብዙ ጽፌ አጠፋሁ። የላክሁት ይሄን ብቻ ነው፤ «ጋሼ፣ ይሄኛውን ብቻዎን ይጻፉት።»

ይጽፉ አይጽፉ እንጃ። ቤት ገብቼ ሽሮዬን ጠርጌ በላሁ፤ ከሰኞ ወዲህ ምግብ የጣመኝ ገና ዛሬ ነው።