«ቀላል እብጠት»

ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ሥራሽ፣ ጤናሽ፣ የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ስልኬን ስለማታነሺ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሰኞ ባሕር ዳር ሄጄ የላይኛውን የዓይኔን ቆብ አስቀነስኩ። አዎ፣ እኔ። ሐኪሙ ምክንያቴን ሲጠይቀኝ ለማንበብ ይጋርደኛል አልኩት። ማደንዘዣ ወጋኝ፤ የተንጠለጠለውን ቆዳ ቆርጦ ሰፋው። የሰጠኝ ወረቀት «ቀላል እብጠት ሊኖር ይችላል» ይላል። ቀላል! ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር። በማግስቱ ዓይኔ በልዞ፣ አብጦ፣ እንባዬ ያለማቋረጥ ይወርዳል። በትራስ ተደግፎ መተኛት፣ ጎንበስ አለማለት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝ፤ ይህን ሁሉ የነገሩኝ ደውዬ ከጮህኩባቸው በኋላ ነው።

ጎረቤታችን የሻረግ ገብታ አየችኝ። ጋሼ፣ ምን ሆኑ አለችኝ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ቆዳዬን አስቆረጥኩ ልበላት? ባሕር ዳር ነበርኩ፣ አትጠይቂኝ አልኳት።

አልጠየቀችም። መርዶ የሰማ ሰው መስያት ለእድሩ ተናገረች። በነጋታው ማለዳ እድሩ ድንኳን ተሸክሞ ደጄ ላይ ቆመ። የእድሩ ዳኛ መሳፍንት አንገቴን አንቆ፣ ስፌቴን በጉንጩ እየፈተገ፣ «ያቺን የመሰለች ልጅ! አንዲቷን!» ብሎ ሲያለቅስ ነው የገባኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ መሆንሽን ያውቃሉ። ረፋድ ላይ አጎቶችሽ ከዘንገና በፈረስ እየጋለቡ ደረሱ።

በሕይወት አለች፣ ድንኳናችሁን አንሱ ብዬ ጮህኩ። መሳፍንት አፍንጫውን እየጠረገ፣ ታዲያ መቼ ደወለችልህ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው መልሴን ይጠብቃል። ዓመት አለፋት ልበል? እንባዬ ወረደ፤ እሱስ ሐኪሙም ይወርዳል ብሏል።

ጥፋቱ የሐኪሙ ነው፤ የየሻረግም ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የአንቺ ነው። አባት ቢያጠፋ እንኳ ዓመት ሙሉ አይዘጋም። ስትሄጂ ደጃፍ ላይ «ገና አፌን ሳልከፍት ዓይንህ ይቆጣኛል» አልሽኝ። በመስታወት አየሁት፤ ቆዳው ወርዶ ነው እንጂ አልተቆጣሁም ነበር።

ስፌቱ ማክሰኞ ይወጣል። እብጠቱ በሁለት ሳምንት ይጎድላል፣ ጠባሳውም ከወራት በኋላ ይደበዝዛል ብለዋል፤ ይህን እንኳ በትክክል ተናግረው እንደሆነ አያለሁ። ፎቶግራፍ አልልክም። መጥተሽ እዪ። መሳፍንትም ይይሽ፤ አሁንም አላመነኝም።

የእናትሽ አምላክ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምሽ።

አባትሽ
እንጅባራ