የሳቂያ ጣቢያን የግድግዳ ሴራሚክ የለጠፉት የኡስታ ዋሂብ በስታውሮስ የሕይወት ታሪክ

ኡስታ ዋሂብ በስታውሮስ ከአባታቸው ከጡብ ሠሪው በስታውሮስ ጊርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐኒና ሚኻኢል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1938 በላይኛው ግብፅ፣ በአስዩት ገጠር ተወለዱ። ቀኑን እናታችንም አያውቁትም ነበር፤ «ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው» ይሉ ነበር፣ በቃ።

ይህን የምጽፈው ታናሽ እኅታቸው ፌብሮኒያ ነኝ። ልጆቻቸው «አክስቴ፣ ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?» ብለው ወረቀቱን ጣሉብኝ። ደክሞኛል። ቢሆንም የወንድሜን ነገር ለሌላ ሰው አልሰጥም።

ኡስታ ዋሂብ በመንደራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እስከ አምስተኛ ክፍል ተማሩ። አባታችን በ1951 ሲያርፉ ካይሮ፣ ሹብራ ወደሚኖሩት አጎታችን መጡ። ከአሮጌው የፉስጣጥ ሰፈር ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ገብተው ጭቃ ማቡካት፣ ምድጃ ማንደድ፣ በኋላም ባለቀለም ሴራሚክ መተኮስ ቻሉ። «ኡስታ»፣ ማለትም የእጅ ሙያ አዋቂ፣ የተባሉትም በዚሁ ነው። በ1966 ወይዘሮ ኢንሳፍን አግብተው ነርሚንንና ራጊን ወለዱ። ኢንሳፍ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔ ያገባሁት ሰው ሳይሆን ምድጃ ነው» እያለች ታስቀን ነበር።

በ1986 የሳቂያ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ለግድግዳው ተጠሩ። ጣቢያውን ታውቁታላችሁ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ምሰሶዎቹ ወፋፍራም፣ አረንጓዴ ሴራሚክ የለበሱ ናቸው። በመሳፈሪያው በኩል ያለው ሥዕል አርባ ሜትር ይረዝማል፤ በሬ ሳቂያ የሚባለውን የውሃ መዘውር ሲያዞር፣ ሴቶች ማሰሮ ተሸክመው ሲሄዱ ያሳያል። ሥዕሉን የነደፈው ሌላ ሰው ነው፣ ስሙም በናስ ተጽፎ ደረጃው ላይ ተለጥፏል። አምስት ሺህ ሁለት መቶውን ሴራሚክ ተኩሰው አንድ በአንድ የለጠፉት ግን ወንድሜ ናቸው። ሰማያዊው ብቻ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶባቸው እንደገና ተኩሰዋል። «ያንተስ ስም የታለ?» ስላቸው «ስሙን እሱ ይውሰደው፤ ግድግዳው እኔን ያውቀኛል» አሉኝ።

ጣቢያው በተከፈተ በአምስተኛው ዓመት በሴራሚኮቹ መጋጠሚያ ነጭ ጨው ብቅ ማለት ጀመረ። ካልተጠረገ ይጋገርና ቀለሙን ይዞ ይረግፋል። ሰው ሁሉ የከርሰ ምድር ውሃ ነው አለ። ወንድሜ ግን ያውቁ ነበር። ለመክፈቻው ቀን ለመድረስ ሲሯሯጡ ሲሚንቶውን ራሳቸው ያቦኩት እዚያው ከጉድጓዱ በሚሳበው ጨዋማ ውሃ ነበር። ለኔ ብቻ ነገሩኝ፣ አደራም አሉኝ። ዛሬ አወጣሁባቸው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሃያ አምስት ዓመት፣ ሰኞና ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ እርጥብ ጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ግድግዳውን ሲጠርጉ ኖሩ። ያዘዛቸው የለም፤ ያመሰገናቸውም የለም። የጣቢያው ዘበኛ ሐማዳ «ኡስታ ዋሂብ፣ ዛሬም ልጅዎን ሊያጥቡ መጡ?» ሲላቸው «አንተም ፊትህን ብታቀርብ አጥብልህ ነበር» ይሉታል። እኛ ቤተሰቦቻቸው ግን ሰለቸን። «ጋሼ፣ አሁንስ አይበቃህም?» እላቸው ነበር። አይሰሙኝም።

በ2017 የምድጃው አቧራ ሳንባቸውን ጎዳውና ከአልጋ ዋሉ። ጨርቁ ለኔ ተረፈ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጉልበቴ ደረጃ አይወድም። ተመልሼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «የበሬው ቀንድ ጋ ጠረግሽ? እዚያ ነው የሚብሰው» ይሉኛል። ጠርጌያለሁ እላለሁ፤ እውነቴንም ነበር።

በሴፕቴምበር 2018 አንድ ሰኞ ስወርድ ግድግዳው የለም። ለእድሳት ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ቆርቆሮ አልብሰውታል። አንዱን ሠራተኛ «ከኋላው አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አለ እናቴ፣ አልነካነውም። ከእንግዲህ የሚያየው የለም እንጂ» አለኝ። ጨው ደግሞ ሰው አየው አላየው ሥራውን አይተውም።

ቤት ስገባ «እንዴት ነው?» አሉኝ። «ደህና ነው» አልኩ። በቃ፣ ከአፌ ወጣ፤ መመለሻም አጣሁ። ስምንት ወር ሙሉ ሰኞና ሐሙስ እየወረድኩ፣ ከነጩ ቆርቆሮ ፊት ለፊት ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጬ፣ ጨርቁን ወለሉ ላይ አሽቼ አቆሽሼ ተመለስኩ። ሐማዳ ያየኛል። ወንድሜ ጨርቁን ገልበጥ አድርገው አይተው እፎይ ብለው ይተኛሉ። ለዚያች እንቅልፍ ስል ቀጠልኩበት።

ኡስታ ዋሂብ ከኤፕሪል ጀምሮ በሆስፒታል ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻው ሐሙስ እጄን ይዘው ሳሙት። «ይህች እጅ ባትኖር ኖሮ ጥፋቴን አገር ያየው ነበር። እግዜር ይባርካት» አሉኝ። ስምንት ወር ግድግዳውን ያልነካች እጅ ናት።

በማግስቱ ሜይ 10 ቀን 2019፣ በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ልጆቻቸውን ነርሚንንና ራጊን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እኔን እኅታቸውንም ትተው ሄደዋል።

ልፋታቸውን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን ከአባቶቻችን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ዘንድ ያሳርፍልን። እዚያ ደርሰው ስለ ግድግዳው ከጠየቁት፣ እውነቱን እሱ ይንገራቸው። እኔ አቅቶኛል።