ቢል የሚነጥቀኝ አጣሁ

ውድ ክፍሉ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔና ክሬዲት ካርዴ ደህና ነን። አትሳቅ፤ አሁን አብሮኝ የሚኖረው እሱ ነው።

በስልክ የሚጠራው መኪና ታክሲህን ሥራ አሳጥቶ ሚኒያፖሊስ እህትህ ዘንድ ከሰደደህ ወዲህ፣ አብረን የተከራየነውን የቫን ናይሱን ቤት ብቻዬን ይዤ ቀረሁ። ያን ሰሞን ከአንድ ባንክ ክሬዲት ካርድ ውሰድ የሚል ወረቀት መጣልኝ። «ውድ ምንይሉ» ብሎ ይጀምራል። በዚያ ወር ውድ ያለኝ እሱ ብቻ ስለነበር ፈረምኩ።

መብራቱን፣ ስልኩን፣ ቤንዚኑን፣ ኢንሹራንሱን ሁሉ በካርዱ መክፈል ጀመርኩ። በከፈልኩ ቁጥር ነጥብ ይሰጡኛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም አውሮፕላን ያሳፍራል። ያዋጣል ወይ ብትለኝ፣ እንደ ሊቅ ጉሮሮዬን ጠርጌ እመልስልሃለሁ፦ ወር ሲያልቅ ሙሉውን ከዘጋህ ያዋጣል፤ ካሳደርከው ወለዱ ነጥቡንም አንተንም ይበላል። የቤት ኪራይ ግን እንዳትሞክር። አከራዬ በካርድ ለሚከፍል ከመቶ ሦስት ይጨምራል፤ ባንኩ የሚመልስልኝ ከመቶ አንድ ነው። ይህን የደረስኩበት ለወራት «ሳተርፍ» ከቆየሁ በኋላ ነው።

ጉዱ የመጣው እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፌርፋክስ እትዬ ሣህሊቱ ምግብ ቤት ስንበላ፣ በእኛ ጊዜ ቢል ሲመጣ ጦርነት ነበር። «በሞቴ» እያልክ እጄን ትጠመዝዛለህ። አንዳንዴም እጄን ልታጠብ ብለህ ተነስተህ፣ ሹልክ ብለህ ከፍለህ ትመጣለህ። እኔም እንዴት እንደምበቀልህ ሳሰላ እሰነብታለሁ።

አንተ ከሄድክ በኋላ እዚያ ገበታ ላይ ነጥብ ታየኝ። የሁላችሁንም በካርዴ ልክፈል፣ ካሹን ለእኔ ስጡኝ አልኩ። አብረውን የሚበሉትም ድርሻቸውን በካሽ ይሰጡኝ ጀመር። አንድ ቀን ግን ዘለቀ፣ ያ ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራው፣ ቢሉን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣

«እንካ፣ ነጥብህ መጣልህ» አለኝ።

«ምን አለበት? ማን ተጎዳ?»

«ኧረ ማንም። ታዲያ፣ ዛሬ ልጋብዝህ ብልህ ነጥቤን ቀማኸኝ ልትለኝ ነው?»

ገበታው በሙሉ ሳቀ። እትዬ ሣህሊቱ ካርዴን ተቀብለው፣ «ምንይሉዬ፣ ቤቴ እኮ ጸጥ አለ። ድሮ እናንተ ስትጣሉ ሰው ያለኝ ይመስለኝ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ቢል ሲመጣ እጁን የሚዘረጋ የለም። ብሩን ፊቴ ይደረድሩና፣ እኔ ስቆጥር እነሱ መኪናቸው ውስጥ ናቸው። ባለፈው እሁድ ጭራሽ ብቻዬን በላሁ። ቢሉ ሲመጣ ከልማድ ወደ ግራ ዞርኩ። አንተ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ጃኬቴ አለ። እሱም አልተሟገተኝም።

ነጥቡ ሞልቷል። ሚኒያፖሊስ ደርሶ መልስ ይወስደኛል። ቲኬቱን ግን አልቆረጥኩም፤ ስደውልልህ አታነሳም፣ ስልኩ ላይ የተውኩልህንም መልእክት አልመለስክም። ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ስንት ጊዜ እንደምቆይ አላውቅም። ና በለኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ና ካልከኝ ካርዱን ቫን ናይስ ቆልፌበት፣ ካሽ ይዤ እመጣለሁ። እዚያም አገር የኛ ምግብ ቤት አይጠፋም። ቢሉ ሲመጣ እኔ ቀድሜ እይዘዋለሁ። አደራህን፣ በቀላሉ እንዳትለቅልኝ።

የሚጣላው ያጣ ወንድምህ፣
ምንይሉ