መቀስና ማኅተም፦ የአቶ ሙላት ባዬ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሙላት ባዬ ከአባታቸው ከአቶ ባዬ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሬ እንድሪስ በ1925 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ወይራ አምባ በምትባል መንደር ተወለዱ። ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደግመዋል። ከዚያ በላይ እንዲቀጥሉ አባታቸው አልፈቀዱም፤ እርሻው ሰው ይፈልግ ነበር። ያቺው የተማሯት ፊደል ኋላ መዘዝ ሆነችባቸው።

የበግ ሽለታን የተማሩት ከአጎታቸው ነው። በጉ ወንዝ ታጥቦ ሣር ላይ ከደረቀ በኋላ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በመቀስ ሲሸልቱት ቆዳውን አይነኩትም ነበር። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም በር ለእሳቸው ክፍት ነበር። በ1949 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺሀረግ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1968 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሲመረጥ አቶ ሙላት ስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ ወንዝ ዳር በግ ይሸልቱ ነበር። «ሁሉ ቤት የሚገባ እሱ ነው፤ ፊደልም ያውቃል» ተባለና በሌሉበት እጅ ወጣላቸው። ወሬውን ያደረሱላቸው ጎረቤታቸው አቶ ኑርዬ ናቸው። አቶ ሙላትም «እስቲ መጀመሪያ ይህን በግ ልጨርሰው» አሏቸው ይባላል። የሊቀመንበርነቱን ማኅተም በክር አንገታቸው ላይ አጠለቁ። መሬት ሲደለደል ለዘመድ አላደሉም፤ ድንጋያማውን ለራሳቸው ወሰዱ። ወይዘሮ የሺሀረግ ያንን መሬት እስከ ዛሬ አይወዱትም።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ከብቱ አልቆ በየቤቱ ሁለት ሦስት በግ ብቻ ቀርቶ ነበር። መንደሩ የበጉን ፀጉር ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ሸጦ እህል ለመግዛት ስላሰበ፣ አቶ ሙላት እንደ ልማዱ የሽለታ ቀን ቆረጡ። በሽለታ ቀን ከየቤቱ አንድ ወንድ በጎቹን ነድቶ ወንዝ ይወርዳል። ያኔ ሰው ሲሰበሰብ ለበላይ ማሳወቅ ግዴታ ነበርና፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የሚመጣውን ሰው ብዛት በገዛ እጃቸው በደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተም መትተው ላኩ።

በዚያ ቀን ቀድሞ የደረቀው በግ እየተሸለተ፣ ሌሎቹ ገና ሳይደርቁ፣ ደብዳቤው ላይ ወደተጻፈው ቦታ ሁለት የጭነት መኪና መጣ። ለሰፈራ የሚሄድ ሰው ጎድሏል ተባለ። ስድስት አባወራዎች በጎቻቸውን ለቀው ተጫኑ። አቶ ኑርዬ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ሌላው የወይዘሮ የሺሀረግ ወንድም አቶ አያሌው ሲሆኑ፣ ሲወሰዱ አቶ ሙላት የሚሸልቱትን በግ እግር ይዘው ነበር፤ በጉ ግማሹ ተሸልቷል። አቶ ሙላት መኪናው ላይ ተንጠልጥለው «እኔን ውሰዱኝ» ቢሉ «ሊቀመንበር አይሰፍርም» ብለው አወረዷቸው።

በማግሥቱ አቶ ሙላት ወደ አቶ አያሌው ቤት ሄደው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና የበጉን የቀረውን ግማሽ ሸለቱ። የበጉን እግር የያዘችላቸው የአቶ አያሌው ልጅ ስህን ናት፤ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ወይዘሮ የሺሀረግም ዓመት ሙሉ ከባላቸው ጋር በአንድ ገበታ አልቀረቡም።

በሳምንቱ አቶ ሙላት ማኅተሙን አውልቀው ውጫሌ ወሰዱና የበላዮቻቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ባለሥልጣኖቹ «የመረጠህ ሕዝብ ነው፤ የምናወርድህ ግን እኛ ነን» ብለው መልሰው አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ መለሱላቸው። አገር ጥለው እንዳይጠፉ ስድስቱ ቤቶች ያለ ጠያቂ ሊቀሩ ነው። ቢቀመጡ ደግሞ ያንኑ ማኅተም በመጣው ወረቀት ሁሉ ላይ ሊመቱ ነው። ተቀመጡ፤ መቱም። የስድስቱን ቤቶች ማሳ ሳያርሱ ግን የራሳቸውን አላረሱም፤ በጎቻቸውንም በየዓመቱ ቀድመው ይሸልቱ ነበር። ስህንን ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይተው አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስጨረሷት።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ማኅተሙን የሚረከብ ጠፋ። «አሁንስ አውልቀው» ሲባሉ «የሚረከበኝ ይምጣ» ይሉ ነበር። በዚያው ክረምት አቶ ኑርዬ ከሰፈራው ተመለሱ። አቶ አያሌው ግን ወባ ገድሏቸው እዚያው ቀርተዋል። መጥተውም አቶ ሙላት ደጃፍ ላይ ቆሙ። «ሙላት፣ በጌን ጨረስክልኝ ወይ?» አሏቸው አቶ ኑርዬ። አቶ ሙላት «ስድስት ዓመት ሙሉ» ብለው አለቀሱ።

አቶ ሙላት ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ደሴ ሲታከሙ ቆይተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1984 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው አርፈዋል። ሲገነዙ የማኅተሙን ክር ከአንገታቸው የፈቱት ወይዘሮ የሺሀረግ ናቸው። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ፤ አቶ ኑርዬም እዚሁ ከቀባሪው ጋር ቆመዋል።

ሕመሙ ሲጠናባቸው ስህንን አስጠርተው «ታሪኬን አንቺ ጻፊው፤ ያን የላክሁትንም ደብዳቤ ጻፊው» አሏት። ይህን የጻፈችው እሷ ናት፤ ደብዳቤውንም አልተወችም። የበጉንም እግር የያዘችው በግድ አልነበረም፤ በሕይወት ሳሉ ይህን ሳትነግራቸው መቅረቷ ይቆጫታል።

አምላክ ነፍሳቸውን አባቷ አቶ አያሌው ካሉበት ያድርሳት፤ ሁለቱ የሚነጋገሩት አላቸው።